አንድ እስኪሞላ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እህቴ ለውቢት አያሌው፣ ዱባይ።

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ደረጃ ስታጥቢ ያመመሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም በጨርቅ እያሰርሽው ትውያለሽ? ረመዳን ገብቷልና ቀን ስታጸጂ ውለሽ ሌሊት ስታበስይ እንደምታነጊ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ታገኚያለሽ? ማዳምሽስ እንዴት ይዛሻለች? አንድ ክፍል አብራሽ የምታድረው ትርሐስስ ደህና ናት? ባመመሽ ጊዜ እንደ እናት ስላስታመመችሽ እግዜር ይስጥልኝ በያት።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማየ ደህና ናቸው፤ ጾሙን አጥብቀው ይዘዋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። የመስኖውን ድንች ግን ውርጭ መታው፤ ከግማሹ በላይ ጠቁሮ ቀረ። አባየም አሉ። ስለ አባየ በሰላምታ መሃል ጣል አድርጌው የማልፈው ነገር ስላልሆነ ወደ ታች ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ። ዘለሽ እንዳታነቢው፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ማዳም ጠራችሽ፣ አንዴ መስመሩ ተቋረጠ፣ በሦስተኛው አንቺው “በቃ፣ የመምጣትን ነገር አታንሺብኝ” ብለሽ ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። የጎረቤታችን የአያ ሙላቴ ልጅ የሺ ከፋሲካ በፊት ወደ ዱባይ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ፤ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የኮንትራትሽ ነገር ነው። ከፋሲካ በኋላ ያልቃል፤ አንቺም ሌላ ሁለት ዓመት ልትፈርሚ ነው። ለምን ስልሽ “አንድ ሳይሞላልኝ አልመጣም፤ አራት ዓመት ለፍቼ ገና ዜሮ ነጥብ ምናምን ላይ ነኝ” አልሽኝ። ይህ ቃልሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ከየት እንደመጣም አሁን ስለገባኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፍልሽ።

በጥምቀት ሰሞን የላክሽው ስልክ በየሺ እጅ ደርሶኛል። ከደመወዝሽ ግማሹን ለቤት እየላክሽ፣ ከቀረው ላይ በየወሩ ቆንጥረሽ የገዛሽው ቢትኮይን የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ በዚያ ስልክ እንደሚታይ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ ቤት ያለ ሰው እንዲያውቀው ብለሽ እንደላክሽው ነገረችኝ። “አንድ ነገር ብሆን” የሚለውን ለእማየ አልነገርሁም። “ለአባየ አሳዪያቸው፤ በከንቱ እንዳልቀረሁ ይዩት” ያልሽውን ግን ልፈጽም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ጋፋት ወላጆቻችን ቤት ሄድሁ።

አባየ ቁጥር የለዩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የግብርና የማዳበሪያ ደረሰኝ ላይ አንዲት ቁጥር ብትዛባ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደው የሚከራከሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉና ስልኩን ወደ ብርሃን አዙረው ማንበብ ጀመሩ። የተጻፈው 0.0968 ነው። “ባዶ። ነጥብ። ባዶ” አሉና እዚያው ላይ አቆሙ። የቀረውን አላነበቡትም። ስልኩን መለሱልኝ።

አባየ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ይዩት እንጂ፣ ከአንድ ቢትኮይን አሥረኛ እጅ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። “የበሬ ሲሶ ብትይኝ በሬውን አውቀዋለሁ። ይህ አንድ የምትይው ምን ያህላል? የት አይቼው?” አሉኝ። እኔም አይቼው አላውቅም፤ አንቺም አላየሽውም።

እኔ ወደ ከተማ ከተመለስሁ በኋላ አባየ ለእማየ “ልጄን ዘርፈዋታል፤ አፍራ ነው የምትደብቀን” አሏቸው። እማየ ሌሊቱን ሲያለቅሱ አደሩ። አባየ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ሳይሄዱ ቀሩ። ሰው ስላንቺ ሲጠይቃቸው “ደህና ናት” ብቻ ብለው ወደ ከብቶቹ ይሄዱ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዜሮ ምክንያት ቤታችን ሐዘን ተቀምጦ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ?

ስልክ መጠገን ሥራዬ ነውና ማስተካከያውን ከፍቼ ጎረጎርሁት። ለካ ገንዘቡ በምን ይታይ የሚል ቦታ አለው። ዝርዝሩን ሳየው ሳቅሁ፤ ኋላ ግን የሚያስቅ አልሆነም። ያው አንድ ገንዘብ ነው፤ እንደመረጥሽው ዜሮ ነጥብ ይሆናል፣ ዘጠና ስድስት ይሆናል፣ ሚሊዮን ይሆናል፣ በብርም ይታያል። ስትለዋውጪው አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለወጠው የሚያየው ሰው ፊት ነው።

ቅዳሜ ጋፋት ይዤው ሄድሁና መጀመሪያ ሚሊ የሚለውን አደረግሁ፤ አንዱን ቢትኮይን ሺህ ቦታ ከፍሎ ነው የሚቆጥረው። ዘጠና ስድስት ነጥብ ስምንት አለ። እማየ “ዘጠና ስድስት ብር? አራት ዓመት ሙሉ? ይህ እኮ የዶሮ እግር አይገዛም” ብለው ጮኹ፤ ቶሎ አጠፋሁት። ቀጥዬ ሳቶሺ የሚሏትን ትንሿን መረጥሁ። የመቶ ሚሊዮን አንዷ እጅ ናት፤ ከዚያ በታች የለም። ዘጠኝ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሰማንያ ሺህ ሆነ። አባየ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ዜሮ ከፊቱ የለም። ፊታቸው በራ፤ እማየ እልል ሊሉ ሲሉ ጾም ነው ብዬ አስቆምኋቸው።

እልልታውን ባስቆም አፋቸውን አላስቆምሁም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማየ ለአንዲት ሴት “ልጄ ዘጠኝ ሚሊዮን ከምናምን አላት” አሏት፤ ለአንዲት ብቻ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አጎታችን ዓለምነው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አይሱዙ ሊገዙ ነው፤ “ከዘጠኝ ሚሊዮን ላይ አንድ ሚሊዮን ለውቢት ምኗ ነው?” አሉኝ። የደብሩ የጣሪያ ቆርቆሮ ኮሚቴም ሳይጠይቀን ስማችንን ከለጋሾች ዝርዝር አናት ላይ ጽፎታል። ለአጎታችን ይህ ፍሬ በፍሬ ተቆጥሮ ነው፣ ዘጠኝ ሚሊዮን የጤፍ ፍሬ እኮ አንድ ቁና አይሞላም ብላቸው “ካልሰጣችሁ አትስጡ፤ አታላግጡብኝ” ብለው ተቆጥተው ሄዱ። እስካሁን ሰላም አይሉኝም። ለማን ለማን አስረድቼ እችላለሁ? ሰለቸኝ።

ከዚያ ወደ ብር መለስሁት። ብር የሁሉም ቋንቋ ነው፣ ይህ እንኳ ያስማማናል ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን መቶ ሃያ ሁለት ሺህ አለ። አባየ ደስ አላቸው፤ ብዙም አልተገረሙም፣ የምትሠሪውን ያህል ነው። ነገር ግን ከማግስቱ ጀምሮ የአያ ሙላቴን ስልክ እየተዋሱ በየጠዋቱ ይደውሉልኝ ጀመር። “ዛሬስ ስንት አለ?” አንድ ቀን መቶ አሥራ ስምንት፣ አንድ ቀን መቶ አሥራ ሁለት። መጋቢት አንድ ቀን መቶ አምስት ሺህ ስላቸው ቀስ ብለው “እቴነሽ፣ ነክተሽዋል እንዴ?” አሉኝ።

ውቢት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሟል፤ እንባዬን በትከሻዬ እየጠረግሁ የሰው ስልክ ፈትቼ ስገጥም ዋልሁ። አባየ ሌባ ሊሉኝ አይደለም፤ ትናንት የነበረ ነገር ማንም ሳይወስደው ዛሬ የሚጎድልበትን አገር ስለማያውቁ ነው። በሳምንቱ መቶ አርባ ሦስት ሺህ ሲሆን ደግሞ ባሰባቸው። “ያልዘራችው እንዴት በቀለ? ሰው አደራ አስቀምጦባት ይሆናል፤ እንዳትነኩት” አሉ። ሲጎድል አልወደዱትም፣ ሲሞላም አልወደዱትም።

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ደክሞኝ ጋፋት ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ አባየ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። “ያንን ነገር ተይው። በቀን ስንት ነው የሚከፍሏት?” አሉኝ። ደመወዝሽን ለሠላሳ አካፈልሁት፤ ወደ አሥር ዶላር መጣ። “እንግዲያው ያ ያላት ስንት ቀኗ ነው?” አሉ። አሰላሁት። ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት ቀን። አባየ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው “እንዲህ ብለሽ ንገሪኝ እንጂ!” አሉ። “ይህ ወንፈል ነው፤ ይህን አውቀዋለሁ።”

እኔ ያላሰብሁት ነገር ነበር። በወንፈል ዛሬ አባየ የአያ ሙላቴን ገብስ ያጭዳሉ፣ ነገ አያ ሙላቴ የእኛን ያጭዳሉ፤ ሃምሳ ዓመት ሲኖሩ ገንዘብ ተሰጣጥተው አያውቁም፣ ቀን ለቀን እንጂ። ጠንካራውም ደካማውም አንድ ቀን ከሠራ አንድ ቀን ይመለስለታል። አባየ ያንቺንም በዚሁ ሰፈሩት። እማየ በጣታቸው ቆጥረው “ዘጠኝ ወር ሊሞላው አራት ቀን የቀረው ነው። በሆዴ የያዝኋትን ያህል” አሉና ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ያን ዕለት ቁጥሩን በትልቁ አስጽፈው ምሰሶው ላይ አስለጠፉኝ፤ እንዳይለወጥም አዘዙኝ። ቢትኮይኑ ሲወጣና ሲወርድ ቀኑም አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አልነገርኋቸውም። ይህቺን ውሸት አንቺም ጠብቂልኝ።

አሁን ስለ አባየ። ከኅዳር ጀምሮ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። ከወንዙ ወደ ቤት ሲመጡ ሦስት ቦታ ይቀመጣሉ፤ እግራቸው ያብጣል፤ ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ተደግፈው ነው የሚተኙት። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ደብረ ታቦር አምጥቼ ሐኪም አየቻቸው። ልባቸው ደክሟል አለችኝ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ ጨው ይተዉ፣ ሞፈር እንዳይነኩ ብላለች። አባየ “ለውቢት እንዳትነግሪያት፤ ሰው ቤት ሆና ምን ታደርግ?” ብለው ከልክለውኝ ነበርና በየሳምንቱ በስልክ “ደህና ናቸው” ስልሽ የነበረው ለዚህ ነው። ይቅር በይኝ። መዋሸቱ ከመድከሜ በላይ አድክሞኛል።

የቀን ቆጠራውም ጣጣ አላጣም። የሦስት ወሩ መድኃኒት ስድስት ሺህ ብር ገደማ ነው። ውቢት ትክፈለው ብላቸው “በእሷ ቀን ስንት ነው?” አሉኝ። አፌ ቀደመኝና አሥራ አንድ ቀን አልሁ። “አሥራ አንድ ቀን የልጄን እድሜ በውኃ ልውጠው?” ብለው እንቢ አሉ። ከሱቄ አውጥቼ ገዛሁና በነጻ ነው የሰጡን አልኋቸው። ይኸው በነጻ የተባለ ስለሆነ ይውጡታል።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ያንን “አንድ እስኪሞላ” ያልሽውን እኔም ተቀምጬ አሰላሁት። በአራት ዓመት ያጠራቀምሽው ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ ስድስት ስምንት ከሆነ፣ በዚሁ ከቀጠልሽ አንድ የሚሞላው ሌላ ሠላሳ ሰባት ዓመት ስትሠሪ ነው። ተሳሳትሁ ብዬ ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። አንቺ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነው። ስትመጪ ስልሳ ስምንት ይሆናል። ማን ነው ደጅ ወጥቶ የሚቀበልሽ?

አንድ የሚባለው ቁጥር እዚያ ላይ ለእኔና ለአንቺ የተሠራ አይደለም። አንድ ብር ከረሜላ ትገዛለች፤ አንድ ቢትኮይን ዛሬ አንድ ሚሊዮን ተኩል ብር ነው። ይህን ያህል የሚያካክል ነገር አንድ ብለው የጠሩት ሰዎች አራት ዓመት የሰው ወለል ያጠበችን ሴት አላሰቡም። በቁና የሚሰፈረውን ጎተራ ውስጥ ጨምረሽ አልሞላም እያልሽ ነው። ሌሊት ሥራ ስትጨርሺ ስልክሽን ከፍተሽ ዜሮዋን እያየሽ፣ ገና ምንም የለኝም እያልሽ እንደምትተኚ ይታየኛል። አንቺም እንደ አባየ ባዶውን ብቻ ነው ያነበብሽው። እባክሽ ማስተካከያውን ክፈቺና ሌላ ነገር ምረጪ። ሳቶሺም ይሁን ብርም ይሁን ግድ የለኝም። ያቺን ዜሮ ከፊትሽ አንሺያትና ያለሽን እዪው። ትንሽ ነው፣ አልክድሽም፤ ቢሆንም ያንቺ ነው፣ ባዶም አይደለም።

እዚህ ይዘሽው ብትመጪ ባንክ አይቀበለውም፤ ጠይቄያለሁ። እዚያው ለውጠሽ ነው መምጣት ያለብሽ። ትርሐስ ታውቅበታለች ብለሽኝ ነበር። ሱቁ ለሁለታችን ይበቃል አልልሽም፤ አንዳንድ ቀን ለእኔም አይበቃም። አብረን ብንሆን ግን ቅዳሜ አንቺ ጋፋት ትሄጃለሽ፣ እኔ አርፋለሁ፤ በሌላው ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንዲት ቅዳሜ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዴ ተናድጄብሻለሁ። አንቺ ገንዘብ ትልኪያለሽ፣ እኔ የአባየን ትንፋሽ እየሰማሁ አድራለሁ። የቱ እንደሚከብድ አላውቅም። ያንቺም እንደሚከብድ ግን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ይህን ጽፌ ስጨርስ እንደማዝን የማውቀው።

ባለፈው ቅዳሜ ልትፈርሚ መሆንሽን ለአባየ ነገርኋቸው። ከእሳቸው መደበቅ አልቻልሁም፤ ወይ ከአንቺ ወይ ከእሳቸው እንጂ ከሁለታችሁም ደብቄ መኖር ከአቅሜ በላይ ሆነ። አልተቆጡም። “ሁለት ዓመት ስንት ቀን ነው?” አሉ። ሰባት መቶ ሠላሳ አልኋቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ቆዩ። ከዚያ “ያላትን ይዛ ትምጣ። ወንፈል የሚመለሰው ሁለቱም ሰዎች ቆመው ሳለ ነው። ሰባት መቶ ሠላሳ ቀን እኔ የለኝም። ንገሪያት” አሉኝ።

ንገሪያት ስላሉኝ ነግሬሻለሁ። አትፈርሚ፣ ውቢት።

እማየ እንደ ዓይኔ ብሌን እያሉ ይስሙሻል፤ ለፋሲካ ያረቡት ዶሮ አንቺ ሳትመጪ አይታረድም ብለዋል፤ ስለዚህ ዶሮውም ይጠብቅሻል። አያ ሙላቴና ባለቤታቸው እቴ አሰለፈች ሰላም ብለውሻል፤ የሺን አደራ፣ እንደ ታላቅ እህት ያዣት። አጎታችን ዓለምነው ቢኮርፉም “ለልጅቱ ሰላም በሏት” ሲሉ በሰው ሰምቻለሁ። ትርሐስን ስሚልኝ። እኔም ናፍቄሻለሁ።

አባየ ግን ሰላምታ አልላኩልሽም። ጻፊልኝ ይላሉ ብዬ ብዕሬን ይዤ ብጠብቅ “እሱን ስትመጣ ለራሷ እሰጣታለሁ” አሉኝ።

እህትሽ እቴነሽ አያሌው
ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.